ካርታው የተሠራው ለመርከብ ነው፣ እኛ ግን የምንቀዝፈው በዳር ነው

በባሕር ካያክ (በመቅዘፊያ የሚሄድ ጠባብ ትንሽ ጀልባ) ቀዛፊዎች ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር

እንደምን ዋላችሁ ወዳጆቼ! ከቅርብም ከሩቅም የመጣችሁ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ከኋላ የቆማችሁ፣ እዚህ ፊት ባዶ ወንበር አለ። ጠጋ ጠጋ በሉ። ዛሬ ስክሪን ላይ የምናያቸው ትንንሽ ነገሮች ስላሉ ከሩቅ አይታዩአችሁም።

የተሰጠኝ ርዕስ «ለባሕር ካያክ ጉዞ ዕቅድ የትኛውን የካርታ ሶፍትዌር እንምረጥ?» የሚል ነው። ይህን ጥያቄ ብዙ ጊዜ እሰማዋለሁ። ካያካችንን ከመኪና ጣሪያ ላይ እያወረድን ሳለ አንድ ወጣት ጠጋ ይልና «ጋሼ፣ የትኛውን አፕ ነው የሚጠቀሙት?» ይለኛል። የሚፈልገው ስም ነው። ስሙን ብነግረው እዚያው ቆሞ ስልኩ ላይ ይጭነዋል። በቃ፣ ዕቅዱ ያለቀ ይመስለዋል። እኔ ግን መልሼ እጠይቀዋለሁ። «ነገ የምትቀዝፍበትን ዳርቻ ማን ለካው? መቼ ለካው? ለማን ብሎ ለካው?»

ለማን ብሎ ለካው! ይህችን ጥያቄ ያዙልኝ። ስሞቹን እጠራለሁ፣ አትስጉ። ግን ይህች ጥያቄ ካልገባችን የሶፍትዌር ስም ብቻውን የትም አያደርሰንም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የባሕር ካርታ የተሠራው ለመርከብ ነው። አንድ ትልቅ የጭነት መርከብ ከ10 ሜትር በላይ አካሉ ውሃ ውስጥ ነው። የእኛ ካያክስ? አንድ ስንዝር ውሃ ይበቃዋል። ስለዚህ ባሕሩን የለኩት ሰዎች ጊዜያቸውንና ገንዘባቸውን ያዋሉት መርከብ በሚያልፍበት ቦታ ላይ ነው። ወደቡን፣ መተላለፊያውን፣ መልሕቅ የሚጣልበትን ቦታ አጥርተው ለክተዋል። ከ5 ሜትር ጥልቀት መስመር ወዲህ፣ ወደ ዳር ያለችው ቀጭን ቁራጭ ግን ለመርከብ ምኑም አይደለችም። መርከበኛውን «እዚያ አትግባ» ካሉት ይበቃዋል።

እኛስ የት ነው የምንውለው? እዚያ! ዓለቱ መሃል። ዋሻው አፍ ላይ። አሸዋው ዳር። መርከበኛው አትግባ በተባለበት ቦታ ነው ቀኑን ሙሉ የምንቀዝፈው።

ይህ ግምት እንዳይመስላችሁ። ኤሌክትሮኒክ የባሕር ካርታ በውስጡ የመተማመኛ ደረጃ አለው። ኤ1 የተባለው ደረጃ አንድ ነገር ያለበት ቦታ በ5 ሜትር ልዩነት ውስጥ የታወቀ ነው ማለት ነው። ቢ ሲሆን 50 ሜትር ይሆናል። ሲ ሲሆን ደግሞ 500 ሜትር! ዲ ከዚያም የባሰ ነው። እስኪ አስቡት። እኛ ከዳር 50 ሜትር ርቀን እንቀዝፋለን፣ ካርታው ደግሞ «ዓለቱ እዚህ አካባቢ አለ፣ 500 ሜትር ልሳሳት እችላለሁ» ይለናል። ስክሪኑ ላይ ያለው መስመር ግን ደረጃው ኤ1 ሆነ ሲ ያው ቀጭንና ቆንጆ ነው። የሚያታልለን ይኸው ጥራቱ ነው። ስለዚህ አንድ ሶፍትዌር ስትመርጡ መጀመሪያ የምትጠይቁት ይህ ይሁን፦ የመረጃውን ደረጃ ያሳየኛል ወይስ ይደብቅብኛል?

ወደ መጀመሪያው ነጥቤ ልግባ። ለካያክ የሚሆን ሶፍትዌር ማለት ሦስት ዓይነት ካርታ አንድ ቦታ ላይ ደራርቦ ማየት የሚያስችል ነው። የባሕር ካርታ፣ የየብስ ካርታ፣ የሳተላይት ምስል። ሦስቱም! አንዱ የማያውቀውን ሌላው ያውቀዋል።

የባሕር ካርታው ጥልቀቱን፣ የመርከብ መንገዱን፣ ቦያዎቹን፣ ማለትም ውሃው ላይ የሚንሳፈፉትን ምልክቶች፣ እና የባሕር መብራቶቹን ይነግራችኋል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ውሃ ሲጎድል የሚወጣውን መሬት በአረንጓዴ ይቀባላችኋል። አረንጓዴው ላይ ከሥሩ የተሰመረበት ቁጥር ታያላችሁ። አትለፉት። ያ ቁጥር ጥልቀት አይደለም፣ ከፍታ ነው። 2 ተብሎ ከሥሩ ከተሰመረ ዓለቱ ከካርታው ዜሮ፣ ማለትም ውሃው ሲጎድል ከሚደርስበት ዝቅተኛ ወለል፣ በላይ 2 ሜትር ይቆማል ማለት ነው። የባሕሩ ሙላት 3 ሜትር ሲደርስ በላዩ 1 ሜትር ውሃ አለ፣ ታልፋላችሁ። ሙላቱ 1 ሜትር ሲሆን ዓለቱ 1 ሜትር ከውሃው በላይ ቆሞ ይጠብቃችኋል። ያው ቦታ ነው፤ የተለየው ሰዓቱ ብቻ ነው።

የየብስ ካርታው ደግሞ ኮረብታውን ይሰጣችኋል። ይህ ለምን ያስፈልጋል? ካያክ ላይ የተቀመጠ ሰው ዓይኑ ከውሃው በላይ ያለው 80 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው። ከዚያ ከፍታ አድማሱ 3 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያልቃል። ከዚያ ወዲያ ያለ ዝቅ ያለ ደሴት አይታያችሁም። ከቆማችሁበት ዳርቻ የሚታየው ሁሉ አንድ ግራጫ መስመር ይሆናል። የባሕር ካርታው ላይ ሦስት ደሴት ተስሏል፣ እናንተ የምታዩት ግን አንድ መሬት ነው። የቱ የቱ ነው? የሚለይላችሁ ኮረብታው ነው። «ይህ ሾጣጣው የመሃለኛው ደሴት ነው፣ ያ ጠፍጣፋው የኋለኛው ነው» የምትሉት የከፍታ መስመሮቹን ካያችሁ ነው። በዚያ ላይ ገደል የት እንዳለ፣ ምንጭ የት እንደሚወርድ፣ ከዳር ተነስቶ ወደ መንገድ የሚያወጣ የእግር መንገድ የት እንዳለ የሚነግራችሁ እሱ ነው። ነፋስ ተነስቶ ጉዞው ቢቋረጥ በእግር የምትወጡበትን መንገድ የባሕር ካርታ አያውቀውም።

ሦስተኛው የሳተላይት ምስል ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ለእኛ ለቀዛፊዎች ትልቁ ሀብት ያለው እዚህ ነው።

ጉግል ኧርዝን ኮምፒውተር ላይ ስትከፍቱ የአንድን ቦታ የቆዩ ምስሎች ወደኋላ እየሄዳችሁ ማየት ትችላላችሁ። ብዙ ሰው ይህን አይነካውም። እባካችሁ ንኩት! አንድ ምስል የአንዲት ቅጽበት ፎቶ ነው። ውሃው ሞልቶ ነበር ወይስ ጎድሎ? ባሕሩ ተናውጦ ነበር ወይስ ተኝቶ? በአንዱ ምስል ሰፊ አሸዋ ታያላችሁ፣ ድንኳን ልትተክሉበት ትመኛላችሁ። በሌላው ምስል ያ አሸዋ የለም፣ ውሃው ከገደሉ ሥር ገብቷል። የመጀመሪያውን ብቻ ያየ ሰው ሌሊት ውሃ ውስጥ ይነቃል።

አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። ከወዳጆቼ ጋር አንድ ረጅም ዳርቻ ለመቅዘፍ እያቀድን ነበር። ከመሬቱ ወደ ባሕር የሚወጣ አንድ ሹል ጫፍ አለ። የባሕር ካርታው ላይ ከጫፉ ወዲያ ምንም ምልክት የለም። ጉግል ኧርዝ ላይ የተለያየ ዓመት ምስል አገላበጥኩ። በመጀመሪያው ባሕሩ ጸጥ ብሏል፣ ምንም አይታይም። በሁለተኛው ከጫፉ 200 ሜትር ያህል ወጣ ብሎ አንዲት ነጭ ነጥብ አለች። ጀልባ ትሆናለች አልኩ። ሦስተኛውን ከፈትኩ። ነጥቧ እዚያው ናት። አራተኛውን ከፈትኩ። እዚያው! ጀልባ ለዓመታት አንድ ቦታ አይቆምም። ቀይ ክብ አደረግኩባትና ፕሪንት አወጣሁት።

በቀኑ እዚያ ጫፍ ስንደርስ ባሕሩ የተኛ ነበር። ቀይ ክብ ያደረግኩበት ቦታ ምንም የለም። ከመካከላችን አንዱ «ምንም የለም፣ በአቋራጭ እንለፍ» አለ። ትንሽ እንጠብቅ አልኩት። መቅዘፊያችንን ጭናችን ላይ አጋድመን ቆምን። ማዕበሉ እያነሳ ያወርደናል፣ ሌላ ነገር የለም። ከዚያ ከሌሎቹ ከፍ ያለ አንድ ማዕበል መጣ። ከፊቱ ውሃው ወደ ታች ተሳበ፣ ቡናማ የባሕር አረም የለበሰ የዓለት ጀርባ ብቅ አለ፣ አረሙ ወደ አንድ ጎን ተኛ፣ ወዲያው ውሃው በላዩ ፈነዳ። ነጭ ሆነ። ከዚያ ተመልሶ ጸጥ አለ። ያን ዓለት የለካው መርከብ የለም፣ መርከብ እዚያ አይደርስማ። ያየው ሳተላይቱ ነው።

ለዚህ ነው ሦስቱም የምለው። ሦስቱን ካርታዎች ደራርቦ የማያሳይ ሶፍትዌር ቢያምርም ለእኛ ግማሽ መሣሪያ ነው። ደራርቦ ካላሳያችሁ ደግሞ ሁለት መስኮት ጎን ለጎን ክፈቱ። አድካሚ ነው፣ ግን ይሠራል።

ሁለተኛው ነጥቤ ስለ ዙም፣ ካርታውን ስለ ማቅረብና ስለ ማራቅ ነው። አሁን «ዙም ደግሞ ምን ነጥብ አለው?» የምትሉ አላችሁ። አዳምጡኝ።

ሁለት ዓይነት ኤሌክትሮኒክ የባሕር ካርታ አለ። ራስተር የሚባለው የወረቀት ካርታ ፎቶ ነው። ስታርቁትም ስታቀርቡትም የተሳለው ሁሉ እዚያው አለ፣ ቢደበዝዝም። ቬክተር የሚባለው ግን ሕይወት ያለው የመረጃ ቋት ነው። ስታቀርቡት ዝርዝሩን ይጨምራል፣ ስታርቁት ስክሪኑ እንዳይጨናነቅ ዝርዝሩን ይደብቃል። ዓለም እየሄደ ያለው ወደ ቬክተር ነው። የአሜሪካው የባሕር ካርታ አዘጋጅ መሥሪያ ቤት ኖአ የቆዩትን የወረቀትና የራስተር ካርታዎች ማተም እንደሚያቆም እ.ኤ.አ. በ2019 አስታውቆ በሂደት አቁሟቸዋል። ስለዚህ ቬክተርን መሸሽ አይቻልም። ባሕርይውን ማወቅ ግን ግድ ነው።

ምን ይደብቃል? እ.ኤ.አ. ኅዳር 29 ቀን 2014 ዓለምን የሚዞረው የቮልቮ ኦሽን ሬስ ውድድር ላይ ቬስታስ ዊንድ የተባለችው ጀልባ በሌሊት የሕንድ ውቅያኖስ ውስጥ ከውሃው እኩል የተዘረጋ የኮራል ዓለት ላይ ወጣች። ቦታው የሞሪሺየስ ግዛት የሆነው ካርጋዶስ ካራሆስ ነው። በአስር ኪሎ ሜትሮች የሚረዝም ዓለት ነው እኮ፣ ድንጋይ አይደለም! ሠራተኞቹ ሁሉ በሕይወት ተረፉ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። በኋላ የወጣው የምርመራ ዘገባ ከጠቀሳቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ዙም ነው። ካርታው ራቅ ተደርጎ ሲታይ ዓለቱ በግልጽ አልታየም። እነዚያ በዓለም የታወቁ ባሕረኞች ናቸው። መሣሪያቸው ምርጥ ነበር።

እንግዲህ በአስር ኪሎ ሜትሮች የሚረዝም ዓለት በዙም ከጠፋ፣ የእኛ የካያክ ስፋት ያላት ድንጋይ ምን ትሆናለች? ስለዚህ መንገዳችሁን ካሰመራችሁ በኋላ ካርታውን እስከ መጨረሻው አቅርቡትና ከመነሻ እስከ መድረሻ በጣታችሁ እየገፋችሁ ሂዱበት። መንገዱን ሁሉ። አንድም ቦታ ሳትዘሉ። ረጅም ምሽት ይወስዳል፣ ይውሰድ! አባቶቻችን «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» ያሉት እንዲህ ላለው ነገር ነው። ሶፍትዌር ስትመርጡም ይህን ሥራ ቀላል የሚያደርግላችሁን ምረጡ። ሲያቀርቡት የሚንተባተብ፣ በየጊዜው የሚጠፋና የሚመለስ ሶፍትዌር ምሽቱን ሳትጨርሱ ያሰለቻችኋል። ያሰለቸው ሰው ደግሞ ይዘላል።

መንገዱን በራሱ ስለሚሠራ ሶፍትዌርም አንድ ቃል። መነሻና መድረሻ ትነግሩታላችሁ፣ እሱ መስመር ያወጣላችኋል። ለሞተር ጀልባ ጥሩ ነው። ለካያክ አትጠቀሙበት። ጥልቅ ውሃ እየፈለገ የሚወስዳችሁ መርከቦቹ ወደሚመላለሱበት መንገድ መሃል ነው። መርከብ ደግሞ እኛን አያየንም።

ሦስተኛው ሰዓት ነው። ይህን ነጥብ በቁጥር እናስላው፣ ወረቀት ያላችሁ ጻፉ።

በደህና ጉልበት የሚቀዝፍ ሰው በባሕር ካያክ በሰዓት 3 ኖቲካል ማይል ይሄዳል፣ ማለትም 3 ኖት፣ በኪሎ ሜትር 5.5 ገደማ። 12 ማይል መንገድ አለን እንበል። ውሃው ከቆመ 4 ሰዓት ይፈጅብናል። ውሃው በ2 ኖት ከኋላ ቢገፋን ፍጥነታችን 5 ኖት ይሆናል፣ በ2 ሰዓት ከ24 ደቂቃ እንደርሳለን። በ2 ኖት ከፊት ቢመጣብንስ? የሚተርፈን 1 ኖት ነው። 12 ሰዓት! ያው መንገድ፣ ያው ክንድ። ካርታው ላይ ያለው መስመር በሦስቱም አንድ ዓይነት ነው።

አሁን ደግሞ መሻገሪያ እንውሰድ። 3 ማይል ስፋት ያለው መተላለፊያ፣ ውሃው በጎን በ2 ኖት ያልፋል። አፍንጫችንን በቀጥታ ወደ መድረሻው አድርገን ብንቀዝፍ በ1 ሰዓት ማዶ እንደርሳለን፣ ግን ከመድረሻችን 2 ማይል ወርደን ነው። በቀጥታ ለመድረስ አፍንጫችንን 42 ዲግሪ ገደማ ወደ ውሃው መምጫ ማዞር አለብን። ያን ጊዜ ወደፊት የምንሄደው በ2.2 ኖት ሲሆን መሻገሪያው 1 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ይወስዳል። በዚያ ሁሉ ጊዜ የሚታየን መድረሻችን ሳይሆን ሌላ ቦታ ነው። ለጀማሪ ይህ ይከብዳል። ሳይወጡ በፊት ስክሪን ላይ ያየው ሰው ግን ውሃው ላይ አይደናገጥም።

ስለዚህ ሶፍትዌሩን ጠይቁት። የባሕሩን ሙላትና ጉድለት ሰዓት ያሳየኛል? የፍሰቱን አቅጣጫና ፍጥነት በየሰዓቱ ያሳየኛል? ወይስ የቆመ ሥዕል ነው የሚሰጠኝ? ሙላቱ እኩል አይደለም እኮ። በ6 ሰዓት ውስጥ ውሃው ሲሞላ በመጀመሪያው ሰዓት 1/12፣ በሁለተኛው 2/12፣ በሦስተኛው 3/12፣ በአራተኛው 3/12፣ ከዚያ 2/12 እና 1/12 ነው። ግማሹ ውሃ የሚመጣው በመሃል ባሉት ሁለት ሰዓታት ነው። ካናዳ ውስጥ እንደ ፈንዲ ባሕረ ሰላጤ ሙላቱ 16 ሜትር በሚደርስበት ቦታ የመሃል ሁለት ሰዓታት 8 ሜትር ማለት ናቸው። ይህ ሕግ የጣት ሒሳብ ነው፣ በየዳርቻው እኩል አይሠራም። ግን ሰዓትን ያላወቀ ካርታ ግማሹን እውነት ብቻ እንደሚነግራችሁ ያሳያችኋል።

አሁን ወደ ስሞቹ ልምጣ። ቃል ገብቻለሁ።

ቤት ውስጥ ኮምፒውተር ላይ ለማቀድ የእኔ ምርጫ ኦፕንሲፒኤን ነው። ነጻ ነው፣ ኮዱም ክፍት ነው፣ በዊንዶውስም በማክም በሊኑክስም ይሠራል። ኤስ-57 የሚባለውን የኤሌክትሮኒክ ካርታ ዓይነት በቀጥታ ይከፍታል። ኖአ የአሜሪካን ውሃዎች ካርታ በዚህ ዓይነት በነጻ ስለሚሰጥ አውርዶ መክፈት ነው። በሌሎች ብዙ አገሮች ግን ካርታው ይገዛል፣ ይህን አስቀድማችሁ አጣሩ። የሙላትና የፍሰት ጣቢያዎችን ካርታው ላይ ያሳያል፣ የነፋስ ትንበያ ፋይልም ይደረብበታል። መልኩ ሸካራ ነው። መጀመሪያ የከፈተው ሰው በቁልፎቹ ብዛት ግራ ይጋባል። ሁለትና ሦስት ምሽት ስጡት፣ ይለመዳል።

ከጎኑ ጉግል ኧርዝ። ምክንያቱን ነግሬአችኋለሁ።

ስልክ ላይ ናቪዮኒክስ ብዙ ሰው የሚጠቀምበት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ የጋርሚን ነው። ምቹ ነው፣ ፈጣን ነው፣ ካርታውን አውርዶ ያለ ኔትወርክ ይሠራል። በየዓመቱ የሚከፈልበት ነው። ተጠቃሚዎች በራሳቸው ሶናር (በድምፅ ሞገድ ጥልቀት በሚለካ መሣሪያ) ከለኩት የተሠራ ዝርዝር የጥልቀት መስመርም አለው። ይህ መስመር በጣም ያምራል። ግን ያችን ጥያቄያችንን አምጧት። ማን ለካው? ሶናር ያለው ጀልባ። ሶናር ያለው ጀልባ ደግሞ ዓለት መሃል አይገባም። ስለዚህ ከዳር ቅርብ ያለውን በጥንቃቄ እዩት።

ኦፕንሲማፕ እ.ኤ.አ. በ2009 የተጀመረ የበጎ ፈቃደኞች ሥራ ነው። ቦያና መብራት ለማየት ጥሩ ነው። ጥልቀት ለማወቅ ግን አትደገፉበት። የየብሱን ካርታ በተመለከተ ለእግረኞች ከተሠሩት ውስጥ ካልቶፖ በደንብ ፕሪንት ያወጣል፣ መለኪያውንም ራሳችሁ ትመርጣላችሁ።

ሌላው ጥቃቅን ነገር ነው፣ ቶሎ ልለፈው። ሶፍትዌሩ አቅጣጫ ሲነግራችሁ በእውነተኛው ሰሜን ነው ወይስ በማግኔቱ? ካያካችሁ ላይ ያለው ኮምፓስ የሚያውቀው ማግኔቱን ብቻ ነው። ቅንብሩ ውስጥ ገብታችሁ አስተካክሉት። የቆየ ስካን የተደረገ ካርታ ከጫናችሁ ደግሞ ጂፒኤስ በሚጠቀምበት የቦታ መለኪያ ሥርዓት፣ በደብሊውጂኤስ84፣ የተሠራ መሆኑን እዩ። ካልሆነ ሁሉም ነገር በመቶዎች ሜትር ሊዛነፍ ይችላል።

አራተኛውና የመጨረሻው ነጥቤ ይህ ነው፦ ዕቅዱ ከሶፍትዌሩ ይወጣል ወይ?

ጂፒኤክስ የሚባል የፋይል ዓይነት አለ። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ ክፍት ፎርማት ነው። ነጥብ፣ መንገድና የሄዳችሁበትን ዱካ ይይዛል። ኮምፒውተር ላይ ያሰመራችሁትን ወደ ስልክ፣ ወደ እጅ ጂፒኤስ፣ አብሯችሁ ወደሚሄደው ሰው ያሻግራል። ጂፒኤክስ የማያወጣ ሶፍትዌር ዕቅዳችሁን ያዘባችሁ ማለት ነው። ነገ ዋጋ ቢጨምርባችሁ፣ ኩባንያው ቢዘጋ፣ የዓመታት ሥራችሁ እዚያው ይቀራል። እኔ እንዲህ ያለውን ሶፍትዌር በነጻም ቢሰጡኝ አልጠቀምበትም።

ይህን የምለው በከንቱ አይደለም። አንዲት ወዳጄ፣ ጥንቁቅ ቀዛፊ ናት፣ አንድ አፕ ትጠቀም ነበር። የኩባንያውን ስም አልጠራም። ካርታውን አውርዳለች፣ ክፍያዋንም ከፍላለች። በጉዟችን መሃል፣ ኔትወርክ በሌለበት ዳርቻ ላይ፣ ጠዋት ስልኳን ስትከፍተው አፑ «እንደገና ይግቡ» አላት። ለመግባት ኢንተርኔት ይፈልጋል። ኢንተርኔት የለም። ካርታው ስልኳ ውስጥ ተቀምጧል፣ ግን ሊከፈትላት አልቻለም። ተናደደች፣ ልክ ነበረች። ከዚያ ስልኩን ዘግታ ከደረቅ ቦርሳዋ ውስጥ ወረቀቷን አወጣችና መንገዷን ቀጠለች። ወረቀቱ ይለፍ ቃል አልጠየቃትም።

ስለዚህ ከመውጣታችሁ በፊት ባለው ምሽት ስልካችሁን ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጉት። ጂፒኤሱ ያለ ኔትወርክም ይሠራል፣ ችግሩ ካርታው ነው። አፑን ዝጉትና እንደገና ክፈቱት። ነገ የምትሄዱበትን እያንዳንዱን ቦታ አቅርቡ። ግራጫ ሳጥን ከመጣ ያ ቦታ አልወረደም። ቤት ሆናችሁ ማወቃችሁ ይሻላል።

ስልክ ውሃ ላይ ምን እንደሚሆን ደግሞ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ጨዋማ ጠብታ ስክሪኑ ላይ ሲወድቅ ጣታችሁን አይሰማም፣ ወይም ያልነካችሁትን ይከፍታል። ፀሐይ ሲበዛ አይታይም። ብርድ ሲሆን ቻርጁ ቶሎ ያልቃል። ሁለት እጃችሁም መቅዘፊያው ላይ ነው። ሞገዱ ከፍ ሲል፣ ካርታ በጣም በምትፈልጉበት ሰዓት፣ አንድ እጅ አንስታችሁ ስክሪን ልትነኩ አትችሉም። ዴኩ ላይ፣ ማለትም ከፊታችሁ ባለው የካያኩ ገጽ ላይ፣ በላስቲኩ ሥር የታሰረ ወረቀት ግን ዓይናችሁን ዝቅ ማድረግ ብቻ ነው የሚፈልገው።

ስለዚህ ሶፍትዌሩ ፕሪንት እንዴት እንደሚያወጣ ሳታዩ አትምረጡት። መለኪያውን እኔ እመርጣለሁ ወይ? 1:50,000 ላይ 2 ሴንቲ ሜትር 1 ኪሎ ሜትር ነው፣ ለካያክ ይመቻል። ደሴት ለሚበዛበት ቦታ 1:25,000 አውጡ። የኬክሮስና የኬንትሮስ መስመሮቹ ይታተማሉ? የርቀት መለኪያው ገጹ ላይ ይወጣል? ኖአ ራሱ ካርታውን በምትፈልጉት መለኪያና የወረቀት መጠን ፒዲኤፍ አድርጎ የሚያወጣ ነጻ የኢንተርኔት መሣሪያ አለው። ሌሎችም ከዚህ ቢማሩ እወዳለሁ።

እኔ ወረቀቱ ከወጣ በኋላ እርሳስ አነሳለሁ። በጠርዙ ላይ የቀኑን የሙላትና የጉድለት ሰዓት እጽፋለሁ። መንገዱን በ1 ሰዓት በ1 ሰዓት እከፍለዋለሁ፣ በየክፍሉ መውጫ ቦታ እፈልጋለሁ። መውጫ የሌለው ክፍል ካገኘሁ፣ ለምሳሌ ሁለት ሰዓት ሙሉ ገደል ከሆነ፣ ዳር ዳሩን በደማቅ አሰምርበታለሁ። በዚያ ክፍል መግቢያ ላይ ቆመን ነፋሱን እናያለን፣ ሁሉም ሰው ደህና መሆኑን እንጠይቃለን፣ ከዚያ እንገባለን ወይም እንመለሳለን። ይህን የሚያደርግ ቁልፍ ያለው ሶፍትዌር አላየሁም። ከዚያ ወረቀቱን ላሚኔት አደርገዋለሁ፣ ወይም ውሃ የማያስገባ ቦርሳ ውስጥ እከተዋለሁ።

ሁለተኛ ኮፒ አውጡ። ጂፒኤክሱንም ወረቀቱንም የብስ ላይ ለሚቀር አንድ ሰው ስጡ። የምትደርሱበትን ሰዓትና ከስንት ሰዓት በኋላ ለነፍስ አድን ሠራተኞች መደወል እንዳለበት ጻፉለት። ፈላጊዎቹ መንገዳችሁን ካላወቁ ባሕሩን በሙሉ ነው የሚፈልጉት።

እኔ እዚህ ላይ ላቁም። አሁን ኦፕንሲፒኤንና ጉግል ኧርዝን ጎን ለጎን እከፍታለሁ። በቅርቡ ልትወጡበት ያሰባችሁት ዳርቻ ካለ ስሙን ንገሩኝ፣ የቆዩትን ምስሎች አብረን እናገላብጥና ካርታው ያላወቀውን ድንጋይ እንፈልግ። እሺ፣ ማን ይጀምር?